ሞያሌ ለምን ሁለት ገበያ ይሆናል?

ባለፈው ወር በተማሪዎች አዳራሽ በተደረገው የክርክር ምሽት ላይ የቀረበው አሳብ «ኢትዮጵያ ገበያዋን ለኬንያ ከፍታ በነጻ ንግድ ብትተሳሰር ትጠቀማለች» የሚል ነበር። ብዙዎቻችሁ በስፍራው ስለ ነበራችሁ የሆነውን ሁሉ መድገም አያስፈልግም። ላልነበራችሁት ግን ባጭሩ አሳቡ በብዙ ድምፅ ልዩነት ተሸነፈ። በክርክር መሸነፍ ያለ ነገር ነውና በዚህ አላዘንንም። ያሳዘነን አሳቡ የተሸነፈበት አኳኋን ነው። ነገሩ ገና መሐል ላይ ሳለ አንድ የትምህርት ጓደኛችን ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ኬንያ ከሻይና ከሯጭ በቀር ምን አላት? ሻይ በዉሽዉሽ አለን፤ ሯጭ በበቆጂ አለን» ቢል አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን ሰው ያዳመጠ የለም።

እኛም ከሣቁት መካከል ነበርን፤ አንክድም። ይሁን እንጂ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ «ለመሆኑ ስለ ኬንያ በውነት የምናውቀው ምንድን ነው?» ብለን እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ ናይሮቢን፣ ጆሞ ኬንያታን፣ የማው ማውን ትግልና የጥቂት ሯጮችን ስም ከመጥራት አላለፍንም። ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ወሰን የምንጋራውን ሕዝብ የምናውቀው ይህን ያህል ብቻ ነው። ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ወይም ስለ እንግሊዝ የኳስ ቡድኖች ብንጠየቅ ኖሮ እስኪነጋ ባወራን ነበር። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለክቡራን መምህሮቻችንና ለውድ የትምህርት ጓደኞቻችን የምናቀርበው በዚያ ምሽት መነገር ሲገባው ሳይነገር የቀረ ነገር ስላለ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። ኬንያ ነጻነቷን ያገኘችው በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ጋር የመከላከያ ውል ተዋዋለች። በ1962 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የወሰን ውል ተፈራርመው ድንበራቸውን በሰላም ለዩ። በአፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል ረጅም ወሰን ያለ ጦርነት በጽሑፍ ጨርሰው የተለያዩ ጎረቤቶች ብዙ አይደሉም። በ1971 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከፕሬዚዳንት ሞይ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የትብብር ውል አደረገ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የኢሕአዴግ መንግሥት ከፕሬዚዳንት ኪባኪ መንግሥት ጋር ንግድን፣ የገንዘብ ሥራን፣ መንገድና መብራትን፣ የምግብ ዋስትናን የሚመለከት ልዩ ስምምነት ፈረመ።

አንባቢ አንድ ነገር ያስተውልልን። በኢትዮጵያ በኩል እነዚህን ወረቀቶች የፈረሙት እርስ በርሳቸው የማይዋደዱ ሦስት መንግሥታት ናቸው። ተከታዩ የቀዳሚውን ሥራ ሁሉ ሲነቅፍ፣ ሲሽርና ስሙን ሲለውጥ ኖሯል። የኬንያን ወዳጅነት ግን ማንም አልነካውም። በታሪካችን ውስጥ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሳይሰበር የተላለፈ የውጭ ግንኙነት ቍጠሩ ብንባል ይህ ከፊተኞቹ መካከል ይገኛል።

ታዲያ ይህን ያህል የጸና ወዳጅነት እስከ ዛሬ ከጓዳችን ምን አገባ? እንደሚመስለን ጥፋቱ ከአወላለዱ የመጣ ነው። የ1956ቱ ውል የተደረገው ሁለቱም አገሮች በዚያን ጊዜ ከሶማልያ መንግሥት ይነሣ በነበረው የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ይሠጉ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ወዳጅነቱ ከመጀመሪያው የጦር መኰንኖችና የዲፕሎማቶች ወዳጅነት ሆነ። ሌሊት ዘብ ለመቆም የተስማሙ ሁለት ጎረቤቶችን አስቡ። ሌባ ሲመጣ አብረው ይጮኻሉ፤ ሲነጋ ግን አንዱ ከሌላው ቤት ጨው እንኳ አይበደርም። እኛና ኬንያ ስድሳ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው።

ኬንያ በአፍሪካ ውስጥ ትልቋ ደንበኛዋ ኡጋንዳ ናት። የኡጋንዳ ሕዝብ ከእኛ ሕዝብ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ኢትዮጵያ ግን በኬንያ የወጪ ንግድ መዝገብ ላይ የምትታየው ከታች ነው። በእኛ መዝገብ ላይም ኬንያ ያላት ቦታ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሳሙናውን፣ ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን ከቻይና፣ ከሕንድና ከቱርክ ባሕር አሻግረን እናመጣለን። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ግን ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌም እንደዚያው ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት በንግድ ረገድ ገልብጠን ስንኖርበት ቆይተናል።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከመካከላችን ሦስቱ ነገሩን በዐይናቸው ለማየት ወደ ሞያሌ ወርደው ነበር። አውቶቡሱ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሜጋ አልፎ በሁለተኛው ቀን አደረሳቸው። ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፤ አንዷ የእኛ፣ አንዷ የኬንያ። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው በወዲህም በወዲያም አለ። ሰዎቹ ሠርግና ለቅሶ ሲሆን ወሰን መኖሩን አያስቡትም። ወሰን መኖሩ የሚታሰበው ሸክም ሲኖር ነው።

እዚያ በዕድሜ ከእናቶቻችን የሚበልጡ አንዲት ነጋዴ ተዋወቁን። ጧት ከኢትዮጵያ ወገን ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው ይሻገራሉ፤ ማታ ደግሞ ሳሙና፣ ሩዝና የምግብ ዘይት ይዘው ይመለሳሉ። እኅታቸው ማዶ ስላገቡ ዕቃውን የሚያሳድሩት እሳቸው ቤት ነው። ባለፈው ዓመት በመንገድ ላይ ዕቃቸው ሁሉ ተይዞባቸው እስከ ዛሬ ዕዳ እንደሚከፍሉ አጫወቱን። ከእኛ አንዱ «እማማ፣ ታዲያ ለምን ወረቀት አውጥተው በሕግ አይነግዱም?» ቢላቸው ሣቁና «ልጄ፣ ለአንድ ኩንታል ሽንኩርት የሚጠየቀው ወረቀት እስኪሞላ ሽንኩርቱ ይበቅላል» አሉት። ልጁ የኤኮኖሚ ትምህርት ተማሪ ነው። እስካሁን ስለ ቀረጥ የተማረውን ሁሉ በዚያች አንድ ንግግር እንደ ሰማው ነገረን።

ሕጉ እኚህን እናት የኮንትሮባንድ ነጋዴ ይላቸዋል። እኛ በኮንትሮባንድ የሚነግዱትን ሁሉ ልናጸድቅ አልተነሣንም። በሌሊት በጭነት መኪና ነዳጅና የጦር መሣሪያ የሚያሻግረውን ሰው ሕግ ቢይዘው ደግ አደረገ እንላለን። ነገር ግን በጀርባዋ ሽንኩርት የተሸከመችውንና መሣሪያ የጫነውን በአንድ ስም መጥራት የሕግ ሥራ አይመስለንም። ዐቅም ያለው ኮንትሮባንዲስት ኬላውን ያውቅበታል፤ መንገዱም ደላላውም ገንዘቡም አለው። የሚያዘው ባለ ሸክሙ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ማለት ኮሜሳ፣ ለትንንሽ የድንበር ነጋዴዎች ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት ካዘጋጀ ቆይቷል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሁለቱ አገሮች አስቀድመው የዕቃ ዝርዝር ይስማማሉ፤ የገንዘብ ጣራ ይወስናሉ፤ ነጋዴው ዕቃው በዝርዝሩ ውስጥ ካለና ከጣራው ካላለፈ ኬላው ላይ አንዲት ቀላል ቅጽ ሞልቶ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ባንክ ቤት መሄድ፣ አስተላላፊ መቅጠር፣ አዲስ አበባ መመላለስ የለም። ኢትዮጵያና ኬንያም በዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ቆይተዋል። እኛ የምንለው ንግግሩ ከአዳራሽ ወጥቶ እኚህ እናት ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አልተፈጸመም ነው። ዝርዝሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ተጽፎ በኬላው ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ፣ ያወቀው ላላወቀው እየሸጠው የሚኖር ሌላ የንግድ ዕቃ ይሆናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ትልልቁ ሥራ ወደ ፊት ሄዷል፤ ይህንን መካድ ግፍ ነው። ቀድሞ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ጥርጊያ በነበረበት ዘመን የጭነት መኪናዎች በታጣቂ ታጅበው በቡድን ይጓዙ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ቀናት ያድሩ ነበር። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ መርቀዋል። የዚህ ኬላ ጥቅሙ፣ ቀድሞ መኪናው በአንዱ አገር ጉምሩክ ቆሞ ተፈትሾ፣ ጥቂት ሄዶ በሌላው ጉምሩክ እንደገና ይፈተሽ የነበረው ቀርቶ፣ የሁለቱም አገር ሹማምንት በአንድ ግቢ ተቀምጠው በአንድ ማቆሚያ እንዲጨርሱለት ነው።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መሥመር ደግሞ ሁለቱን አገሮች ከማናቸውም ውል ይልቅ አስተሳስሯል። መሥመሩ 500 ኪሎ ቮልት ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያ 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀመረች። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የኬንያው ሳፋሪኮም ያለበት ማኅበር በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ ፈቃድ በማግኘት፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የስልክ አገልግሎቱን ከፈተ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አንድ የስልክ ድርጅት ብቻ ታውቅ ለነበረች አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ብዙዎቻችን በኪሳችን የኬንያን ስም ይዘን እየዞርን «ኬንያ ምን አላት?» እንላለን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ያዳላን ይመስለናል። የምንሸጠው ኤሌክትሪክ ከኦሞ ወንዝ ግድቦችም ይመነጫል። የኦሞ ወንዝ የሚፈሰው ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘውም ከዚሁ ወንዝ ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የኬንያ ዓሣ አጥማጆች ጊቤ ሦስት ከመሠራቱ በፊትም ሆነ ከተመረቀ ወዲህ ሥጋታቸውን አሰምተዋል። ናይሮቢ መብራቱን ስትገዛ ቱርካና ደግሞ ውሃውን ይጠብቃል። ወዳጅነታችን የናይሮቢን ገንዘብ ቆጥሮ የቱርካናን ሰው ካልቆጠረ፣ በሞያሌ ባለ ሸክሟን ከረሳው ወዳጅነት አይለይም።

እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ስልኩ ያልፋል፤ ሽንኩርቱ ግን ይቆማል። ይህ ስለምን ሆነ? አንደኛው ምክንያት የቀረጥ ነው። ኮሜሳ የነጻ ንግድ ቀጣናውን በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ሲጀምር ኬንያ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አገሮች አንዷ ሆና ገባች። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ሆና ሳለ ከነጻ ቀጣናው ውጭ ቆየች፤ ለአባል አገሮች ታደርግ የነበረው ቅናሽም ከቀረጧ ላይ ዐሥር በመቶ ብቻ ነበር። ሠላሳ በመቶ የነበረው ቀረጥ ሃያ ሰባት ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ብሎ አስመጪውን የሚለውጥ ነጋዴ የለም።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብዙ ዓመት ሙሉ ነጋዴው ዶላር ለማግኘት ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ኖሯል። ወረፋው ለመድኃኒትና ለነዳጅ ሲሰጥ ከናይሮቢ ለሚመጣ ሸቀጥ ማን ይሰጣል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ አሠራር ተለውጧል። ለውጡ በየቤቱ ያስከተለውን የኑሮ ውድነት እኛም በማዕዳችን ላይ አይተነዋል፤ ስለዚህ በጭብጨባ አናነሣውም። ቢሆንም ከጎረቤት ጋር ለመነገድ ሲቀርብ የነበረው ትልቁ ምክንያት ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አይቀርብም።

ሦስተኛው በኬንያ በኩል ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይነሣም። ኬንያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ናት። ይህ ማኅበረሰብ የጉምሩክ አንድነት ስላለው ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የሚያስከፍለው ቀረጥ ለሁሉም አባል አገር አንድ ነው። ስለዚህ ናይሮቢ ብቻዋን ተነሥታ «ለኢትዮጵያ ቀረጤን አነሣሁ» ልትል አትችልም፤ ካምፓላንና ዳሬሰላምን መጠየቅ አለባት። በዚያ ምሽት «ኬንያ ለምን አስቀድማ አትከፍትም?» ብሎ የጠየቀ ጓደኛችን ነበር። መልሱ ይህ ነው።

ከዚህ የተነሣ መንገዱ በመላው አፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና ውል በኩል ያልፋል። ይህ ውል በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ተፈረመ። ኬንያ ካጸደቁት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ስትሆን ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። ውሉ ከዕቃዎች ዓይነት ዘጠና በመቶው ላይ ቀረጥ ቀስ በቀስ እንዲነሣ፣ ሰባት በመቶው እንደ ልዩ ጥንቃቄ ያለው ዕቃ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ፣ ሦስት በመቶው ደግሞ ጨርሶ እንዲቀር ይፈቅዳል። እንደ ኢትዮጵያ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ አገሮች ለዘጠና በመቶው የተሰጠው ጊዜ ዐሥር ዓመት ነው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢትዮጵያ በዚሁ ውል መሠረት የመጀመሪያውን ዕቃ ልካለች፤ ከተቀባዮቹም አንዷ ኬንያ ነበረች።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ፤ ከሣቁ በቀር ቁም ነገር የተናገሩም ነበሩና። አንድ መምህራችን ተነሥተው ያሉት እስካሁን በጆሯችን አለ። «የኬንያ ፋብሪካዎች ከእኛ ይልቅ የቆዩ ናቸው፤ ወደብ አላቸው፤ ባንካቸው በርትቷል፤ ነጋዴያቸው በዓለም ገበያ ተፈትኗል። በሩን ዛሬ ብትከፍቱት የሚገባው የእነሱ ሳሙና እንጂ የሚወጣው የእናንተ አይደለም» አሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውንም ጨመሩበት።

እኛ ይህን ነገር አናቃልለውም። እንዲያውም ለእሳቸው የሚረዳ ማስረጃ እንጨምራለን። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ የመሠረቱት የመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1969 ዓ.ም. ፈረሰ። ለመፍረሱ የኢዲ አሚን ጠባይም፣ የሶሻሊዝምና የካፒታሊዝም ጠብም ምክንያት ሆነዋል፤ ነገር ግን ከሥር የነበረው ቅሬታ ፋብሪካው ሁሉ ኬንያ ላይ ተከማችቶ ሌሎቹ ገዢዎች ብቻ ሆነው ቀሩ የሚል ነበር። ነጻ ንግድ ትርፉን በራሱ እኩል አያካፍልም። ይህንን የረሳ ኅብረት አንድ ጊዜ በጎረቤታችን ቤት ፈርሷል።

ነገር ግን መምህራችን ያላነሡት አንድ ነገር አለ። የተዘጋው በር ፋብሪካችንን ጠብቆልናል ወይ? የኬንያ ሳሙና በሞያሌ በኩል በሌሊት ይገባል፤ ቀረጥ ሳይከፍል ከሀገሬው ሳሙና ጋር በርካሽ ይወዳደራል። በቀን ቢገባ ቢያንስ ይመዘናል፣ ይመረመራል፣ ይመዘገባል። ደግሞም ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው ከሩቅ አገር ስለሆነ፣ ለኬንያ የምናደርገው የቀረጥ ቅናሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው የሩቁን ሸቀጥ ነው። መንግሥት ከቀረጥ የሚያጣው ገቢስ? ከኬንያ የምናስገባው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚታጣውም ጥቂት ነው። ንግዱ አድጎ ብዙ የሚታጣበት ቀን ከመጣ ያን ጊዜ ነጋዴውና ፋብሪካው የሚከፍሉት ሌላ ግብር ይኖራል።

ስለዚህ የጊዜና የተራ ጉዳይ ነው እንላለን። በመጀመሪያ ባለ ሸክሟ ትለፍ፤ ይህ ለማንም ፋብሪካ አያሠጋም። ቀጥሎ ፋብሪካዎቻችን የሚፈልጉት ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ይለፍ። በእኛ በኩል ቦሎቄውና ሌላው ጥራጥሬ፣ የቁም ከብቱ ይለፍ፤ ኬንያ ድርቅ ሲመታት የምትሻው ይህንን ነው። ሳሙናውና ብስኩቱ በስተ መጨረሻ፣ ዐሥሩ ዓመት እያለቀ ሲሄድ ይምጣ። በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ የእኛ ፋብሪካ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ከሆነ ሃያ ዓመትም አይበቃውም። ኤሌክትሪኩን ለጎረቤት የምንሸጥ ሰዎች በገዛ ኤሌክትሪካችን ሳሙና መሥራት ካቃተን ጥፋቱን በኬንያ ላይ ማሳበብ አይቻለንም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በዚያ ምሽት ማንም አልጠቀሰውም። በዚያችው ሞያሌ በኩል በየወሩ ከሆሳዕናና ከአካባቢው የሚነሡ እኩዮቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ደላላ ይዟቸው በሌሊት ይሻገራሉ፤ ስንቶቹ ኬንያ ላይ ተይዘው በወህኒ ይቀመጣሉ። ከእኛ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብሮን የተማረ አንድ ልጅ በዚያ መንገድ ሄዶ ሦስት ወር ታስሮ ተመልሷል። ከኬንያ ምን አየህ ብንለው «ገበያ» አለን። እስር ቤቱ ገበያ አጠገብ ኖሮ በመስኮት የሚያየው ነጋዴውን ነበር። እስካሁን የሚያወራውም ስለዚያ ነው፤ የሐበሻ በርበሬ የምትሸጥ ሴት እንዳየ፣ ዋጋዋም ከእኛ አገር ሦስት እጥፍ እንደ ነበር። ቤተሰቡ ለደላላው የከፈለውን ገንዘብ በርበሬ ገዝቶበት ቢሆን ኖሮ ብለን ማስላት ጀምረን ተውነው፤ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ነበርና።

ወደ ራሳችን ቤት ደግሞ እንመለስ። በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ተማሪዎች ሁለት መቶ የነጻ ትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገባች። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከኬንያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ገብተው ከእኛ ታላላቆች ጋር በአንድ ክፍል ተማሩ፤ በአንድ ገበታ በሉ። ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነጻነት በግልጽ ይናገሩ ስለ ነበር የኢትዮጵያ ተማሪዎች ድምፅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የእነሱ መምጣት እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ሻይና ሯጭ ብቻ አልነበራቸውም ማለት ነው።

ዛሬ በመማሪያ ክፍሎቻችን ስንት የኬንያ ተማሪ አለ? ከእኛስ መካከል ስዋሂሊ የሚናገር ስንት ነው? ስዋሂሊ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ከተማችን በሚሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗል። የሞያሌዋ እናት አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ይናገራሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። እኛ ማንበብ እንችላለን፤ ስዋሂሊ ግን ሰላምታውን እንኳ አናውቅም። በነጻ ንግድ ጉዳይ ላይ ከእሳቸውና ከእኛ ማን የተማረ እንደሆነ መምህሮቻችን ይፍረዱን።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሦስት ነገር በጽሑፍ አቅርበናል። የመጀመሪያው ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ጋዜጣ ለጋዜጣ መለዋወጥ እንዲጀመር ነው፤ የእነሱን እኛ እናንብብ፣ የእኛን ወደ እንግሊዝኛ መልሰን እንላክላቸው። ለዚህ ሥራ ከእኛ ወገን አራት ሰዎች ስማቸውን አስመዝግበዋል። ሁለተኛው የኤኮኖሚ ክፍል መምህሮቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን በሚቀጥለው ክረምት ጥቂት ተማሪዎችን ይዘው ሞያሌ እንዲወርዱና በአንድ ሳምንት ገበያ ውስጥ ምን ያህል ዕቃ ወዲያና ወዲህ እንደሚያልፍ በቀንም በሌሊትም እንዲቆጥሩ ነው። የአውቶቡሱን ሂሳብ እኛ ከኪሳችን እናዋጣለን። ሦስተኛው ክርክሩ በዚሁ አሳብ ላይ እንደገና እንዲደረግ፣ ለንግግርም ከኬንያ ወገን ሰው እንዲጋበዝ ነው።

ክርክሩ ከተፈቀደ ያ ከኋላ ወንበር የተነሣው ጓደኛችን እንዳይቀር አደራ እንላለን። በዚህ ጊዜ ከፊት ወንበር ቦታ እንይዝለታለን፤ ሻዩንም እኛ እንጋብዘዋለን። የየት አገር ሻይ እንደሆነ የምንነግረው ግን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።